ጭንቅላቱ ይቅደም

እንዴት ዋልሽ ቨርና? አይ፣ አትነሺልኝ፣ ሥራሽን ያዢ። በሩን እኔው እዘጋዋለሁ… ይኸው ዘጋሁት። በሁለት ምርኩዝና በአንድ እግር በር መዝጋት ላብ እንደሚያስወጣ ማን ነግሮኝ? ዶሪስ ፊት ለፊት ካለው መኖ ቤት የዶሮ መኖ እየገዛች ነው። ባለቤቴን ታውቂያታለሽ፣ ከመኖ ሻጩ ጋር ወሬ ከጀመረች ዶሮዎቹ እስኪያረጁ አትመለስም። እኔም እስከዚያ ምድጃሽ ዘንድ ልሙቅ ብዬ ነው የገባሁት። ሌላ ጉዳይ የለኝም።

ዘንድሮ በረዶው አልለቅ አለን እኮ። መጋቢት ተጋምሶ ሞንታናችን ገና ነጭ እንደለበሰች ናት። ያቺ ቀበሮ ደግሞ አሁንም መስኮቱ ላይ ናት? ነፍሱን ይማረውና አባትሽ ቆዳዋን ሞልቶ ሲያቆማት እኔ ገና ጢም አላወጣሁም ነበር። አንድ ጆሮዋን አይጥ በላባት እንጂ ከኔ ይልቅ በደህና የቆየችው እሷ ናት። እኔማ የሚሞላኝ ሰው አላስፈለገኝም፣ በራሴ ጊዜ ሞላሁ። ሆዴን እይው።

እንዴ… ያ ግድግዳው ላይ ያለው… ያ ነው እንዴ? አለቀ ማለት ነው! እኔ እኮ ዓይኔ ሳያርፍበት ልወጣ ነበር። ግማሽ ግድግዳ የያዘ የኤልክ፣ የዚያ ፈረስ የሚያክል አጋዘን፣ ጭንቅላት እንዴት ሳላይ ልወጣ እንደነበር ብቻ አትጠይቂኝ።

እጅሽ ይባረክ። በየጎኑ ስድስት ስድስት ቅርንጫፍ ያለው ቀንድ… የአንገቱ ጥቁር ጸጉር ሳይቀር እንደነበረ ነው። ዓይኑስ? መስታወት ነው አይደል? መስታወትም ሆኖ ትክ ብሎ ነው የሚያየኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ አደን ከተመለስን ወዲህ አብረውኝ ከነበሩት ውስጥ ዓይኔን ለማየት ያልፈራ እሱ ብቻ ነው። አብሮን የነበረው ሎውል እንደሆነ ድሮም መሬት መሬቱን ነው የሚያየው፣ እሱ አይቆጠርም።

ባለቤቱ ነገ ሊወስደው ይመጣል አሉ። ቅዳሜ ደግሞ በቤቱ ድግስ አለ፣ ለጭንቅላቱ ክብር። እኔም ተጠርቻለሁ እኮ! በካርድ። ከስሜ ፊት «ውድ» የሚል ቃል አለበት። የእሱን ስም ግን አልጠራም፣ ምን ያደርጋል? አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የማውቀው መስሎኝ ኖሬያለሁ። ስለ ሰው ክፉ ማውራት ደግሞ አልወድም። ስለ እሱ ከሆነማ ከምስጋና በቀር ምን አፍ አለኝ?

ሠርጌ ላይ ሚዜዬ እሱ ነበር። ፎቶውን አይተሽው ይሆናል፣ ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል። እሱ ከዶሪስ አጠገብ ፊት ለፊት ቆሟል፣ የእኔ ከኋላ አንድ ጆሮዬ ይታያል። ዶሪስ ያን ጊዜውኑ «ማንን ነው ያገባሁት?» ብላ ነበር። እኔ ሳቅኩ። ብዙ ነገር እስቃለሁ እኔ፣ ሞኝ ሰው ሲስቅ ይውላል አይደል? ከዚያ ዓመት ጀምሮ በየጥቅምቱ እሱ፣ እኔና ሎውል ተራራ እንወጣለን።

መቼም እንደሱ ያለ ተኳሽ በዚህ አውራጃ የለም። አንድ ጥይት፣ አለቀ። እጁ አይንቀጠቀጥም። በምንም ነገር አይንቀጠቀጥም… በዓይኔ አይቻለሁ። እኔን ደግሞ እይኝ። እሱ ተኩሶ አይስትም፣ እኔ ሳልተኩስም እስታለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ምን እንዳደረግሁ ነገሩሽ? ሳይነግሩሽ አይቀሩም። ዶሪስ ለልደቴ የኤልክ መጥሪያ ቱቦ ሰጥታኝ ነበር። ኮርማው ኤልክ ድምፁን ሲሰማ ተፎካካሪ የመጣበት መስሎት ይቀርባል የሚባለው። ዓመቱን ሙሉ መኪና ማቆሚያችን ውስጥ ሆኜ ስለማመድ ከረምኩ። ጎረቤቶቻችን ሁለት ጊዜ በር አንኳኩተው ላማችን ታማ እንደሆነ ጠይቀዋል። ላም የለንም። እንግዲህ ያን ይዤ ሸንተረሩ ላይ ቆምኩና ነፋሁት። ከማዶ ሲግጡ የነበሩ አሥራ ሁለት ኤልኮች ቀና አሉ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዚያ ድንበር ተሻግረው ወደ አይዳሆ ሄዱ። ሎውል በቀን ከሦስት ቃል በላይ የማያወጣ ሰው ነው፤ ያን ቀን ሦስቱንም በአንዴ አወጣቸው፣ «ሃርለን፣ ቱቦውን ስጠኝ» አለ። ሰጠሁት። እስካሁን አልመለሰልኝም።

ወዳጃችን ምን አለ? ምንም። ጨዋ ሰው ነው። ምሳ ላይ ብቻ አንዴ፣ ራት ላይ አንዴ፣ በማግስቱ ቁርስ ላይ ደግሞ አንዴ እያስታወሰ ሳቀ።

በሦስተኛው ቀን ሎውል ለብቻው ወደ ምዕራቡ ሸንተረር ሄደ። እኔና ወዳጃችን በቅሏችንን ፔጊን ይዘን ወደ ላይኛው ሸለቆ ወጣን። ሦስት ሽማግሌ፣ አንዲት በቅሎ፣ ከመኪናችን የአንድ ቀን መንገድ የራቀች አንዲት ድንኳን… ልጆቻችን «ዘንድሮ እንኳ ይቅርባችሁ» ብለውን ነበር። እኛ ሃያ አምስት ዓመታችን መሰለን። ጉልበቴ ግን ዕድሜውን አልረሳም፣ ዳገቱን እርምጃ በእርምጃ ሲቆጥርልኝ ነው ያረፈደው። አሥር እርምጃ እሄድና ቆም ብዬ «ዕይታው እንዴት ያምራል» እላለሁ። ዕይታው ምን ቸገረኝ፣ ትንፋሽ አጥቼ ነው። እሱ ታጋሽ ስለሆነ ሁልጊዜ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ልክ ስደርስበት ይነሳል።

ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ገደማ ይሄ ያንቺ ኮርማ ከጥዱ ውስጥ ወጣ። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፣ ይሄ ይመዝገብልኝ። ጠመንጃዬን አነሳሁ፣ ጣቴ ቃታውን ፈልጎ አጣው። እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገና «ተወው፣ ታባርረዋለህ» አለኝ በሹክሹክታ። ተውኩት። አንድ ጥይት፣ አለቀ።

እዚህ ላይ ቂሉ ማን እንደሆነ ስሚ። ገዳዩ እሱ፣ እየሮጠ የወረደው እኔ። እኔ የጣልኩት ይመስል ቀድሜ ቀንዱን ልነካ! ቁልቁለቱ ልቅ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ከእግሬ ሥር ሄደ፣ እኔም ተከተልኩት። ኮርማው አጠገብ ስደርስ ግን ቆምኩ… ማለቴ ተጋደምኩ።

ወርዶ መጣና ደህና መሆኔን ጠየቀኝ። ወንድ አይደለሁ? ወለም ብሎኝ ነው አልኩት። ጉልበቴ ወደ ሰሜን፣ የእግሬ ጣቶች ወደ ምሥራቅ ዞረው፣ እኔ ወለም ብሎኝ ነው! እሱም አመነኝ። ለዚህ ነው የምወደው። በዓይኑ ካየው ይልቅ ጓደኛው የነገረውን የሚያምን ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል?

ከዚያ ጭንቅላቱን ለማውጣት ተቀመጠ። ቆዳውን እስከ ትከሻ ድረስ ሲገፍ፣ አንገቱን ሲለይ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ… እንዴት ያለ ጥንቃቄ መሰለሽ! አንዲት ጸጉር እንዳትነካ፣ አንዲት ጭረት እንዳትወጣ። አንቺ ራስሽ እንዲህ ንጹህ ሆኖ የመጣ ቆዳ አላየሁም ብለሻል አሉ። እኔ ከሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተጋድሜ አየው ነበር። እንዲህ ያለ የሚሳሳ እጅ ያለው ጓደኛ ስለሰጠኝ ተመስገን አልኩ። ወረፋዬን እየጠበቅሁ እኮ ነው።

ሲጨርስ ሰማዩ ከወደ ሰሜን ጠቁሯል። ፔጊ አንዲት ናት፣ የምትችለው አንድ ጭነት ነው። እሱም መጣና፦

«እንዴት እናድርግ ሃርለን? አንተን ልጫን ወይስ ጭንቅላቱን?» አለኝ።

ተመልከቺ፣ ጠይቆኛል። ሳይጠይቅ አላደረገም። ይሄን ማንም እንዲክድበት አልፈልግም። እኔስ ምን አልኩ?

«ኧረ ጭንቅላቱ ይቅደም» አልኩ።

ይሉኝታ የሚሉት ነገር እኮ ነው የገደለኝ ቨርና። እንዲህ ሲባል «ምን ማለትህ ነው፣ ና ውጣ» ይባላል ብዬ ነበር። እንግዳሽ «በቃኝ» ሲልሽ ሳህኑን ከፊቱ ታነሺበታለሽ? አታነሺም። ትጨምሪለታለሽ። እሱ ግን ቃል አክባሪ ነው፣ በቃኝ ካልሽው ያነሳል። ሆኖም ዝም ብሎ አልሄደም፤ ቀንዱን በገመድ እየጠፈረ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ሁለተኛ ጠይቆኛል። ቋጠሮው አልቆ ነበር መሰለኝ።

በአራት ሰዓት ውስጥ፣ ሁለቱን ለመሄጃ ሁለቱን ለመምጫ አድርጎ፣ እንደሚመለስ ነገረኝ። የውሃ ኮዳውንም ተወልኝ፣ ግማሽ ድረስ ያለበት። ክብሪቱ ግን በኮርቻው ኪስ ውስጥ ነበር፣ ኮርቻውም በቅሎዋ ላይ። የእኔ ክብሪት የት ነበር አትዪኝም? ድንኳን ውስጥ! ቦርሳዬ እንዲቀልልኝ ብዬ ጠዋት አውጥቼ የተውኩት እሱን ብቻ ነበር። አምስቱን ሳንድዊች አልነካሁትም።

ከሄደ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በረዶው ጀመረ። እዚያ የቀረነው ሁለት ነበርን፣ እኔና ኮርማው። ሁለታችንም ጭንቅላት አልነበረንም። የሱ ወደ ካምፕ ሄዷል፣ የኔ እንኳ ድሮም ነው… በክርኔ እየተሳብሁ ሄጄ ሆዱ ሥር ገባሁ። ትልቅ እንስሳ ሙቀቱ ቶሎ እንደማይወጣ አንቺ ከኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። ጀርባዬን አስደግፌ ሳንድዊቼን በላሁ። ጭንቅላቱ በሰላም እንደሚደርስ፣ ጥሩ ሰው እጅ እንደገባ ነገርኩት። ሞቶም አሞቀኝ ቨርና። በቁሙ ስንቱን ሲያሞቅ ኖሮ ይሆን?

አራት ሰዓቱ ሲያልፍ ግን ቀልዱ አለቀብኝ። እግሬ መታመሙን ተወ። ሲያም ደህና ነበር፣ ሲተው ነው የሚያስፈራው። ኮርማውም በረደ። የዶሪስን ስም ጮክ ብዬ ጠራሁ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እዚያ እንደማትሰማኝ አጥቼው አይደለም። ከዚያ ደግሞ ምን አሰብኩ መሰለሽ? ወዳጃችንን አሰብኩ። አንድ ነገር ባያገኘው እንዲህ አይቀርም አልኩ። በቅሎዋ ጥላው ይሆን? መንገድ ስቶ ገደል ገብቶ ይሆን? ጸለይኩለት! አንድ ሽማግሌ ሰው፣ ጭንቅላት በሌለው ኮርማ ሥር ተወሽቆ፣ ድንኳን ውስጥ እግሩን እያሞቀ ላለ ሰው «በሰላም አግባው» ብሎ ሲለምን ይታይሽ። እግዜር ያን ቀን ሳይስቅ አይቀርም።

ካምፕ ውስጥ የሆነውን የነገረኝ ሎውል ነው፤ ለመንገርም ሦስት ወር ፈጅቶበታል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሸንተረሩ ሲመለስ ወዳጃችን ምድጃው ላይ ሾርባ ጥዷል። ጭንቅላቱ ደረቅ ቦታ ጉቶ ላይ ተቀምጧል፣ ሸራም ለብሷል። እሱ መለኪያ ይዞ የቀንዱን ርዝመት ይለካል። ሎውል የት እንደቀረሁ ጠየቀው።

«ከኋላ አለ፣ ዕይታ እያየ ይሆናል» አለው።

ሎውል ሾርባውንም አልቀመሰም። የፔጊ ኮርቻ ገና አልወረደም ነበርና ልጓሟን ይዞ ወደ ላይ ተመለሰ። የደረሰልኝ ቀኑ ሊጨልም ሲል ነው። ጫማዬን በጩቤ ቀደደው፣ ካፖርቱን አውልቆ እግሬን ጠቀለለው፣ ከዚያ ብብቴን ይዞ ኮርቻው ላይ አወጣኝ። ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ክብደቴን ደግሞ ታይዋለሽ። ራሱ በሸሚዝ ቀረ። እኔም ላጫውተው ብዬ፦

«ጭንቅላቱ በደህና ገባ?» አልኩት።

ሎውል ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ድንኳን ስንደርስ ወዳጄ ተነስቶ ተቀበለኝ። ልመጣ ስል በረዶው ጀመረ አለኝ። ልክ ነው፣ በረዶ ውስጥ ማን ይወጣል? ሎውል ወጥቷል፣ ግን ሎውል እንደሱ አስተዋይ አይደለም። የተረፈ ሾርባም ሰጠኝ። ቀዝቅዟል፣ ግን አሰበልኝ።

በማግስቱ በቅሎዋ ላይ ማን ይውጣ የሚል ጥያቄ አልተነሳም። ሎውል ማንንም ሳይጠይቅ እኔን ጫነኝ። ጭንቅላቱንስ? ባለቤቱ በትከሻው ተሸክሞት ወረደ። እስከ መኪናው ድረስ፣ ስምንት ሰዓት መንገድ። አንድ ጊዜ እንኳ መሬት አላስነካውም። እኔም ከበቅሎዋ ላይ ሆኜ አየሁት… መሸከም እንደሚችል ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

በብርዱ የሄዱት ሁለት የእግር ጣቶች ናቸው፣ ትንሿና ጎረቤቷ። ጥፍር የመቁረጡ ሥራ ቀለለልኝ። አጥንቱን በብረት ገጥመውታል። ሆስፒታል ሃያ ሦስት ቀን ተኛሁ፤ እሱ አልመጣም፤ የታመመ ሰው ሲያይ ሆዱ ይባባል፣ ልቡ ስስ ነው። ግን ፎቶ ልኮልኛል፣ እሱና ጭንቅላቱ ጎን ለጎን። ከጀርባው «ያለ አንተ አይሳካም ነበር» ብሎ ጽፎበታል። ነርሷ አንብባልኝ እንዴት ያለ ጓደኛ ነው አለችኝ። እውነቱን እኮ ነው የጻፈው። እኔ በቅሎዋ ላይ ብወጣ ኖሮ አይሳካም ነበር።

«ጭንቅላቱን ውሰድ ያለኝ ሃርለን ራሱ ነው» እያለ በየቤቱ ያወራል አሉ። ዶሪስ ይሄን ስትሰማ ድስት ወርውራለች። እኔ ግን ለምን ትቆጫለሽ አልኳት። ዋሸ? አልዋሸም። ይቅደም ያልኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ይቅደም ስል ነው የኖርኩት። ከምድጃው አጠገብ ያለው መኝታ፣ እሱ ይቅደም። የመጀመሪያው ጥይት፣ እሱ ይቅደም። ፎቶው ላይ እንኳ፣ በገዛ ሠርጌ፣ እሱ ይቅደም። እኔ ይሄን ትሕትና እለው ነበር። ትሕትና አልነበረም ቨርና፣ ሁሉም ሰው ጥሩ ሰው እንዲለኝ ስለምፈልግ ነው። ታዲያ ያስለመድኩት እኔ ሆኜ ሰውዬው ምን ያድርግ? ተራራው ላይ ስንደርስ ልማዱን ይርሳ? ሁለት ጣት ለዚህ ትምህርት ብዙ አይደለም፤ እንደኔ ላለ ደንቆሮ ተማሪ እግሩ በሙሉ በተጠየቀ ነበር።

ቅዳሜ ድግሱ ላይ አልገኝም። ቂም ይዞ ነው እንዳትዪኝ። እኔና ሎውል ቀጠሮ አለን፤ ሐይቁ ሳይቀልጥ በረዶውን ሰርስረን ዓሣ እናጠምዳለን። እሱ ቃል አያወጣም፣ እኔ አላቆምም። እስካሁን ያጠመድነው አንድ ነው፣ እሱም ወሬዬ ሰልችቶት እጁን የሰጠ ይመስለኛል። ባለፈው ግን ሎውል በራሱ ጊዜ «ሃርለን፣ እግርህ በረደህ?» አለኝ። አራት ቃል ሞላ እንዴ? አልሞላም። ግን ሳልመልስለት ብርድ ልብሱን አመጣ።

ያቺ ዶሪስ ናት፣ የመኪናውን ጥሩንባ እያስጮኸች ነው። ልነሳ እንግዲህ። ምርኩዙን አቀብዪኝ… እግዜር ይስጥልኝ። አይ፣ በሩን እኔው።

ነገ ሲመጣ ሰላም በይልኝ። ሃርለን መጥቶ ነበር፣ ጭንቅላቱን አይቶ በጣም ደስ አለው፣ ከልቡም መርቆሃል በይው። እንዳይረሳሽ፣ እንደነገርኩሽ ንገሪው። እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጠው። ጥይቱ አይሳት፣ ግድግዳው አይጉደልበት፣ ምድጃው አይጥፋበት። እና ደግሞ… ሰው ነውና አንድ ቀን እሱም ተራራ ላይ የወደቀ እንደሆነ፣ በረዶውም መውረድ የጀመረ እንደሆነ፣ እግዜር ልክ እንደራሱ ያለ ጓደኛ ከአጠገቡ ያቁምለት።